ሆፑን ጣል፣ እርሾዋን ጠብቅ

ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ክዳን ከፍቶ በሚብላላው ቢራ ላይ ያልፈላ ሆፕ ሲበትን ያየ እንግዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፈሪው ይፈራል፣ ችኩሉ ያጣድፋል፣ ለጋሱ «ጨምርበት» ይላል፤ ሁሉም አንዳንድ ተረብ ይወረውራል። አሜሪካ ውስጥ ቢራ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው፤ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት 200 ጋሎን። ያ ሕግ ጠማቂውን ከቀረጥ አዳነው። ከተረበኛ ግን ራሱን የሚያድነው በምላሱ ነው። ምላስም የሚሠራው ዕውቀት ሲኖረው ነውና መልሱን ከነምክንያቱ እነሆ።

ፈሪው ይጀምራል። «ያልፈላ ቅጠል ቢራ ውስጥ ይገባል? ልትመርዘን ነው እንዴ?»

አንተ ሰው፣ የጠላው ጌሾ መቼ ድስት ተጥዶለት ያውቃል? ተወቅጦ፣ በውሃ ተነክሮ፣ ጥንስስ ሆኖ አይደል የሚገባው? ጠጥተኸዋል፣ አስደግመህ ጠጥተኸዋል፣ ይኸው ቆመህ ትከራከራለህ። እርግጥ ጌሾና ሆፕ በዘር አይገናኙም፤ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፣ ሆፕ ግን የአንዲት ሐረግ ሴቴ አበባ ነው። ቢሆንም ሆፕ ቢራን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን የሚያዳክም አሲድ ይዞ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ መብላላቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ቢራው አልኮል አውጥቷል፣ ኮምጠጥ ብሏል፣ ስኳሩም ተመናምኗል፤ ለበካይ የሚመች ማደሪያ አይደለም። ፍርሃትህን ከሆፑ ላይ አንሳና ከረጢቱን በምትቀድበት መቀስ፣ ክዳኑን በምትከፍትበት እጅ ላይ አድርገው። እነሱን አጽድተህ ና፣ ከዚያ እናወራለን።

ጋሼ ሌላ አላቸው። «ልጄ፣ ሆፕ ከብቅሉ ጋር አንድ ሰዓት እሳት ላይ መቆየት አለበት። ምነው ከእሳት አሸሸኸው?»

ጋሼ፣ ለምሬቱ ከሆነ እውነትዎን ነው። አልፋ አሲድ የሚባለው የሆፕ ሙጫ በሚፈላው የብቅል ጭማቂ ውስጥ ካልቆየ አይለወጥም፤ ካልተለወጠ ደግሞ በወጉ አያመርም። ለእሱ የሚሆነውን ሆፕ እሳት ላይ ሳለ ሰጥተነዋል። አሁን የምንፈልገው ሽታውን ነው። ሽታው ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ጋሼ፣ ጤና አዳሙን ከቡናው ጋር ጀበና ውስጥ ያፈሉታል ወይስ ስኒው ላይ ጣል ያደርጉታል?

ነገሩም የዘንድሮ ፈሊጥ አይደለም። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመጠጥ ቤት በሚያወጡት በርሜልም ሆነ ወደ ሕንድ በሚልኩት ቢራ ላይ ደረቅ ሆፕ ይጨምሩ ነበር። በቅርቡ ደግሞ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቨርሞንት ተነሥቶ የተስፋፋው ደፍራሳ፣ ብርቱካንና ማንጎ የሚሸት ቢራ በዚሁ ዘዴ የቆመ ነው። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን የቻለ የቢራ ዓይነት አድርጎ መዝግቦታል። ፍሬ የሚሸተው ፍሬ ገብቶበት አይደለም፤ ሆፑ በሰዓቱ ስለገባ ነው።

«በሰዓቱ» ስል ችኩሉ ይነሣል። «ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ከእርሾው ጋር አብረህ ጣለውና ተገላገል!»

ከምኑ ልገላገል? ከሽታው? በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርሾዋ ስኳሩን እያሳደደች ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በአየር ማስወጫው በኩል ሌት ተቀን ይንተከተካል። ያ ጋዝ የሆፑን ሽታ ተሸክሞ ይወጣል። ከዘይቱም ከፊሉ እርሾዋ ላይ ተጣብቆ ከእሷ ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ቤትህ ያውዳል፣ ብርጭቆህ ባዶ ይሸታል። በጎረቤት አፍንጫ የተጠጣ ቢራ ለአንተ ምን ይረባሃል?

ሌላም አለ። ጋዝ በሞላው ቢራ ላይ የሆፕ እንክብል በአንድ ጊዜ ስትዘረግፍ፣ እያንዳንዷ ብናኝ ጋዙን ትቀሰቅሰዋለች፤ አረፋው ክዳን አልፎ፣ ጠረጴዛ አልፎ ወለሉን ያጥባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይኸው ነው። ዕቃህን እስከ አፉ አትሙላ፤ ሆፑንም ጥቂት በትነህ፣ አረፋው ሲመለስ ሌላ ጥቂት በትን።

ይሄኔ ተቃራኒው ብቅ ይላል። «እንግዲያው ሁሉ ነገር ካለቀ፣ እርሾው ከዘቀጠና ቢራው ከጠራ በኋላ ጨምረው። ፋብሪካዎቹም እንደዚያ ያደርጋሉ።»

ፋብሪካው በካርቦን ዳይኦክሳይድ የታጠበ፣ አየር የማያስገባ የብረት ታንክ አለው። አንተ ያለህ ባልዲ ነው። ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር አየር ይገባል፤ እንክብሉም በየቀዳዳው አየር ይዞ ይገባል። እርሾዋ በሕይወት ካለች ያንን ኦክስጅን ቶሎ ትወስደዋለች። ተኝታ ከሆነ ግን ኦክስጅኑ ሆፑን ራሱን ያጠቃዋል፤ ወርቃማው ቢራህ ይጠቁራል፣ የብርቱካኑ ሽታ እርጥብ ካርቶን ይሆናል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣኸው ካርቶን ለመሽተት ነው?

ደግሞ ንቁ እርሾ ዘበኛ ብቻ አይደለችም፤ ሠራተኛም ናት። ጄራኒዮል የሚባለውን፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለውን የሆፕ ዘይት ተቀብላ ከፊሉን ወደ ሲትሮኔሎል ትለውጠዋለች፤ ይህም የሎሚና የብርቱካን ወገን የሆነውን መዓዛ ያጎላዋል። የጃፓኑ ሳፖሮ ቢራ ተመራማሪዎች ይህን ለውጥ በጥልቀት አጥንተውታል። ከረጢቱን ስትከፍት ያልሸተተህ መዓዛ ብርጭቆህ ውስጥ ሲመጣ፣ ያመጣችው እሷ ናት። ስለዚህ ስኳሩ ባለቀ ቁጥር የሚወርደው የእፍጋት መለኪያህ 1.060 ላይ ጀምሮ 1.012 ላይ ያበቃል ብለህ የምትጠብቅ ከሆነ፣ 1.018 ወይም 1.016 ሲደርስ ጣለው። ግርግሩ በርዷል፣ እርሾዋ ግን ገና አልተኛችም። ሰዓቱ ይህ ነው።

ለጋሱ እስካሁን ዝም ያለው እጁ ከረጢቱ ውስጥ ስለነበረ ነው። «ምን ትሰስታለህ? እጥፍ አድርገው! እንግዳ ጠርተህ በእፍኝ ትለካለህ?»

ሲበዛ ማር ይመራል ወንድሜ። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት መጠኑን እየጨመሩ ቀምሰው አይተውታል፤ በአንድ ሊትር ከ8 ግራም በላይ ሲሆን የብርቱካኑ መዓዛ እንደ መጠኑ መጨመሩን ያቆማል፣ ወደ ደረቅ ሣርና ወደ ሻይ ቅጠል ያደላል። ደህናው ስፍራ በሊትር ከ4 እስከ 8 ግራም ነው። የተለመደው የቤት ጠመቃ 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ነውና፣ ከ76 እስከ 152 ግራም ይበቃሃል። ከዚያ በላይ የጣልከው ጉሮሮ ይፍቃል፣ ቢራውንም መጥጦ ከታች ያስቀረዋል። ለእንግዳህ ለግሰህ ከሆነ፣ ከብርጭቆው የቀነስከው ራስህ ነህ።

እትዬ የጠላ ባለሙያ ናቸውና ጥያቄያቸው የባለሙያ ነው። «ጌሾው ከጠላው ጋር ሰንብቶ ነው የሚጥመው። ያንተስ ስንት ቀን ይቀመጥ?»

እትዬ፣ የእርስዎ ጌሾ ምሬቱን ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ መሰንበቱ ይገባዋል። የሆፕ እንክብል ግን ተፈጭቶ የተጨመቀ ነው፤ ቢራው ሲነካው ይፈርሳል፣ አብዛኛውን ሽታውንም ቶሎ ይለቃል። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሁለት ሳምንት ቢተዉት የሚጨምርልዎ መዓዛ ሳይሆን የቅጠል ጣዕም ነው። ከሆፑ ላይ ቀድተን እንለየዋለን፤ ከለየነው በኋላ ግን ገና እንጠብቃለን።

«እንጠብቃለን» የምትለዋ ቃል ሁሉንም ታስነሣለች። «ምን ትጠብቃለህ? መለኪያው 1.012 ብሏል፣ አለቀ! ጠርሙስ ውስጥ አስገባውና ቅዳሜ ለድግሱ ይድረስ!»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ብዙ ሰው ስለ ሆፕ ሽታ ሰምቷል፤ ሆፕ ቢራን እንደገና እንደሚያስነሣው የሰማው ግን ጥቂት ነው። ሆፕ ውስጥ ኢንዛይም አለ፤ እርሾዋ መብላት ያቃታትን ረጅሙን ስኳር ቆራርጦ የምትበላው ያደርገዋል። ጠገበች ያልካት እርሾ ማዕድ በአዲስ ይቀርብላታል። ይህን አዲስ ግኝት ብሎ የሚያጣጥል ካለ፣ ሆራስ ብራውንና ሃሪስ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1893 ጽፈውታል። ነገሩ ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ ቆየ፤ ሆፕ በገፍ መጨመር ሲመጣ ግን ችግሩም አብሮ መጣ። የኦሪገን ስቴት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ካስኬድ በሚባለው የሆፕ ዝርያ ላይ ኢንዛይሞቹን አረጋግጠው አሳዩ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቢራው 1.012 ላይ አለቀ ብለህ ጠርሙስ ውስጥ ዘጋኸው እንበል። ሆፑ የቀሰቀሳት እርሾ ወደ 1.008 አወረደችው። አራት ነጥብ ብቻ ናት፤ ግን እያንዳንዷ ነጥብ በግምት የቢራውን ይዘት ግማሽ የሚያህል ጋዝ ታወጣለች፤ አራቱ ሲደመሩ የቢራውን ሁለት እጥፍ ጋዝ ይሆናሉ። ጠርሙስ ቢራ በተለምዶ የሚይዘው ሁለት ከግማሽ እጥፍ ያህል ነው። አንተ ለአረፋው ብለህ የጨመርከው ስኳርም አለ። ያ ጠርሙስ ድግሱን አይጠብቅም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ይፈነዳል፣ ሲብስም በእንግዳህ እጅ ላይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ የተሰበረ ጠርሙስ ደግሞ ዓይን ይመነጥራል። ድግስህ ያልፋል፣ ዓይን ግን አይተካም።

«ባይፈነዳስ?» ይላል፣ እጅ የማይሰጥ አይጠፋምና።

ባይፈነዳ ቅቤ ይሸትሃል። እርሾዋ እንደገና ስትነሣ ዳይአሴቲል የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ጊዜ ከሰጠሃት መልሳ ትበላዋለች፣ በብርድ ካስተኛሃት ግን ይቀራል። ቅቤ የሚያምረው ክትፎ ላይ ነው። ስለዚህ ሆፑ ከገባ በኋላ ቢራውን ወደ ማቀዝቀዣ አታሩጠው፤ እርሾዋ በምትሠራበት ሙቀት፣ በ18 እና በ20 ዲግሪ መካከል ተዋት። መለኪያው ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ይቁም። ከዚያ ጥቂት ቢራ በጠርሙስ ቅዳ፣ አፉን ሸፍነህ 60 ዲግሪ ገደማ በሚሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየው፣ አቀዝቅዘህ አሽትት። ቅቤ ቅቤ ከሸተተህ አላለቀም። ንጹሕ ከሆነ አለቀ። «አለቀ» የማለት ሥልጣን የመለኪያውና የአፍንጫህ ነው፤ የቅዳሜው ድግስ አይደለም።

የቀሩትን በአጭሩ እንመልሳቸው።

«ሆፕህ አይብ አይብ ይላል!» እውነትህን ነው፣ አርጅቷል፤ አትጣለው ቢራው ላይ፣ ጣለው ውጭ። ሆፕ አየር እንዳይገባው ታሽጎ በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ይቀመጣል። በተከፈተ ከረጢት መደርደሪያ ላይ የከረመ ሆፕ ለማንም አይሆንም።

«ዝቃጩን ለውሻው ስጠው፣ አተላ አይደል?» ይህን ዳግመኛ እንዳትል! የጠላ አተላ ከብት ያደልባል፤ ሆፕ ግን ለውሻ መርዝ ነው፣ የሰውነቱን ሙቀት ሽቅብ ሰቅሎ ሊገድለው ይችላል። ዝቃጩን አስረህ፣ ውሻ በማይደርስበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተተው። ጎረቤትህ ውሻ ካለው ለእሱም ንገረው።

በመጨረሻ ሰነፉ ይመጣል፣ ብርጭቆውን አስቀድሞ። «ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከሱቅ አትገዛም?»

ልግዛ፤ ጥሩ ጥሩ ቢራ አለ። ግን የምገዛው መቼ የታሸገውን ነው? የሆፕ ሽታ በየሳምንቱ ይደክማል፤ በመኪና ተጭኖ፣ መጋዘን አድሮ፣ በሞቀ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ሲደርሰኝ መዓዛው መንገድ ላይ ቀርቷል። ትልቁ ፋብሪካ ታንክ አለው፣ ማሽን አለው፣ ኬሚስት አለው፤ ቢራውን በበሰለበት ሳምንት ለአንተ ማቅረብ ግን አይሆንለትም። የቤት ጠማቂ ይሆንለታል። ያ አንድ ጥቅሙ ብቻ ይህን ሁሉ መጠበቅ ይክሳል። እርሾዋን በትዕግሥት የጠበቀ ሰው ጠጪውን ማስጠበቅ የለበትም፤ እንግዲህ ሲበስል እጠራሃለሁና፣ ያን ጊዜ «ሥራ አለብኝ» ብለህ እንዳትቀር።