ሐውልት ለቦታ ያዥ

«አብረን ነን» የምትለዋን ንግግር መጀመሪያ ከአፉ ያወጣት ሰው መቃብሩ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ባገኝ አበባ ይዤ እሄድ ነበር። ሁለት ቃል ናት። ክፍያ የላትም፣ ፈቃድ አትጠይቅም፣ ለሕፃንም ለአዛውንትም እኩል ትሠራለች። አንድ ሰዓት ከሩብ በፀሐይ ሲንቃቃ የቆየውን ሰልፍ በትከሻህ እየሰነጠቅህ «አብረን ነን፣ አብረን ነን» ስትል ሕዝቡ እንደ ኤርትራ ባሕር ግራና ቀኝ ይከፈልልሃል። ሙሴ እንኳ በትር አስፈልጎት ነበር።

የማወራው ስለ ሮለር ኮስተር ወረፋ ነው። የምኖረው አትላንታ ጥግ፣ አቮንዴል እስቴትስ ሲሆን ዘመድ ዘንድ የምታወቀው «ብር ከፍሎ የሚጮኸው» በሚል ነው። አልዋሹም። የዓመት መግቢያ ካርድ አለኝ። ቅዳሜ ሲነጋ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጬ ኦስቴል ወዳለው ሲክስ ፍላግስ እሄዳለሁ። ፓርኩ ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ የምጮኸውም በነሱ አገር ስለሆነ)። በ1973 የተሠራው ባለ እንጨቱ ስክሪም ማሽን እዚያ አለ፤ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ ጉድ አሰኝቶ ነበር። በ1978 የተከፈተው ማይንድቤንደር አለ፤ ጀርመናዊው አንቶን ሽዋርዝኮፕፍ ሰውን በቁሙ የሚገለብጥ ቀለበት የሠራበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎልያድ አለ። የ2006 ሥራ ነው፤ ከፍታው 61 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ።

ጎልያድ ላይ የምቀመጠው የመጨረሻው ረድፍ ነው። ጀማሪ ሁሉ ለፊተኛው ወንበር ይጋፋል፤ ይጋፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጉብታው ጫፍ ላይ የባቡሩ አፍንጫ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጅራቱ ገና ዳገት ላይ ነው። አፍንጫው ጅራቱን ይጎትተዋል። ስለዚህ ኋላ የተቀመጠ ሰው ጫፉን የሚያልፈው ቀስ ብሎ ሳይሆን ተነጥቆ ነው፤ መቀመጫህ ከወንበሩ ይለቃል፣ ጭንህ ላይ ያለው ብረት ብቻ ይይዝሃል፣ ሆድህ እላይ ቀርቶ አንተ ትወርዳለህ። ለዚህ ስል አንድ ሰዓት ቆሜ እጠብቃለሁ። ሂሳቡ ያዋጣኛል።

ወረፋ የማክበር አመሌ ከሰፈሬ የተጋባብኝ ሳይሆን አይቀርም። አቮንዴል እስቴትስን በ1924 የመሠረተው ጆርጅ ፍራንሲስ ዊሊስ የሚባል የመድኃኒት ነጋዴ ነው። የሼክስፒርን የትውልድ ከተማ ስትራትፎርድን አርአያ አድርጎ ጆርጂያ ውስጥ የእንግሊዝ መንደር ልትከል ብሎ ተነሳ። ዛሬም ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሕንጻዎች ነጭ ግድግዳቸው በጥቁር እንጨት የተሸነሸነ ነው። የእንግሊዝን ቤት የቀዳ ሰው ሰልፏንም አብሮ ያመጣል ብዬ ነበር። ቤቱ ብቻ መጣ።

ባለፈው ሐምሌ ጎልያድ ወረፋ ላይ ከፊቴ አንድ ሐበሻ ቆመዋል። ስድሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ አንድ የውሃ ጠርሙስ፣ ጨዋነት የተሞላ ገጽ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ሙቀቱ አንድ ሁለት አልን። ከኋላዬ አባትና ልጅ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ለጎልያድ 137 ሴንቲ ሜትር መሙላት ግድ ነው፤ እሱም የሞላው በዚያው ሳምንት ነው። ቤታቸው በር ላይ በእርሳስ ሲለካ እንደከረመ አባቱ ነገረኝ። ልጁ ባቡሩ ከላይ ባለፈ ቁጥር ቁጥሩን ይጠራል። ደረጃው ሥር እስክንደርስ ሠላሳ አንድ ቆጥሯል።

ደረጃው ሥር እንደደረስን አዛውንቱ ጠርሙሳቸውን ከፍ አድርገው አውለበለቡ። «መጡ!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ።

ዞር አልኩ። አሥራ አራት ናቸው። አንደኛዋ አይስክሬሟ ክንዷ ላይ እየፈሰሰ ነው። ሁለት ጎረምሶች የተጋጠ የቱርክ ዶሮ እግር እንደ ዱላ ይዘዋል። መሪያቸው የምትመስለው ሴትዮ ባርኔጣዋን እያራገበች «ይቅርታ የኔ ወንድም፣ አብረን ነን» አለችኝ። አዛውንቱን አየኋቸው። «ቤተሰብ ናቸው» አሉኝ፣ ሁሉን ነገር እንዳስረዱኝ ሁሉ።

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ተሳስቼ እንደነበር የገባኝ ግን ቤቴ ገብቼ ሳስብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ስንት ዘመን ሲያሳስተን ኖረ! እኒህ ሰው ሃምሳውንም ሎሚ ብቻቸውን ተሸክመው ወንበሩን ለአሥራ አራት ሰው ጌጥ አደረጉት። ከቀበሌው ሱቅ ዘመን ጋር ሳስተያየው እድገታችን ይታየኛል። ያኔ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ያ ድንጋይ ወረፋ ያዥ ነው፤ ግን የሚወክለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የትኛውም ድንጋይ አሥራ አራት ዘመድ አልነበረውም። ደግሞ በ1884 ኮኒ አይላንድ ላይ በአምስት ሳንቲም፣ ከሩጫ በማይፈጥን ባቡር የሮለር ኮስተር ንግዱን የጀመረው ላማርከስ ቶምፕሰን ተሳፋሪዎቹን ወደ ሌላው ሐዲድ ራሳቸው እንዲሻገሩ ያደርግ ነበር አሉ። በራስ እግር! ኋላ ቀርነት ማለት ይህ ነው።

ይህን ጥበብ የሐበሻ ብቻ የምታደርጉትም ተሳስታችኋል። በ2013 የኒው ዮርክ ባለጸጎች አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ በሰዓት እየተከራዩ ዲዝኒ ላይ ወረፋ ያልፋሉ ተብሎ በጋዜጣ ተጽፏል፤ ዲዝኒም በዚያው ዓመት አሠራሩን ቀየረ። እነሱ ግን ይከፍሉ ነበር። እኛ በዘመድ ነው። ወረፋ መዝለል በደንብ የተከለከለ ነው የምትሉኝ ካላችሁም፣ «አብረን ነን» መዝለል አይደለም፤ መገናኘት ነው።

እና ይህ በአንድ ቤተሰብ ታጥሮ መቅረት የለበትም። አንድ ሰው ለ14 ሰው ቦታ መያዝ ከቻለ፣ 14ቱም እያንዳንዳቸው ለ14 ይይዛሉ፤ ከማን ያንሳሉ? 196 ሆኑ። በሦስተኛው ዙር 2,744፦ አቮንዴል እስቴትስ አብዛኛው ሕዝቧ ተጠቃልሎ ገባ። በአምስተኛው 537,824፦ አትላንታ ከነከንቲባዋ። በሰባተኛው ዙር 105,413,504፦ ከመተማ እስከ ሞያሌ ያለው ሕዝባችን አብዛኛው ጎልያድ ሊሳፈር ደረጃው ሥር ተገኝቷል። ሁሉም ከፊቴ ነው። ሁሉም አብሮ ነው።

ባቡሩ በአንድ ጊዜ 36 ሰው ነው የሚይዘው። በሰዓት አንድ ሺህ ሰው ያመላልሳል ብንል፣ ቀን ከሌሊት ሳያርፍ 12 ዓመት ይፈጅበታል። 12 ዓመት ደግሞ ቆሞ የሚታለፍ አይደለም፤ ኑሮ ይመሠረታል። መጀመሪያ ዕድሩ ይቋቋማል፤ ድንኳኑና ትልልቁ ብረት ድስት ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ይቀመጣል። ዕቁቡ ይቀጥላል፤ ዕጣው ብር ሳይሆን አንድ ደረጃ ወደፊት ነው። ዓመቱ ሳይሞላ ሽማግሌ መላላክ ይመጣል። የልጅቷ አባት «ልጁ ምን ይሠራል?» አይልም፤ «ስንተኛው መታጠፊያ ላይ ነው?» ነው የሚለው። «ጣሪያው ሥር ገብቷል» ከተባለ እናትየው ከወዲያ እልል ትላለች። «ለጊዜው በሩ አካባቢ ነው፣ ግን ትጉህ ልጅ ነው» ከተባለ ሽማግሎቹ ቡና ሳይፈላላቸው ይሸኛሉ። ጥሎሹ ከደረጃው በላይ ሁለት ክንድ ቦታ ነው። የተጣላ ባልና ሚስት ንብረት ሲካፈል ዳኛው የቆሙባትን ለሁለት ይከፍላታል፤ እሷ በግራ እግሯ እሱ በቀኝ እግሩ ይቆማሉ። የሞተ ካለ ወራሾቹ በአባታችን ጫማ ልክ ነው፣ አይደለም፣ የሱ ጫማ ሰፊ ነበር እያሉ ይካሰሳሉ። አስታራቂ ሲጠፋ ከመገናኛ ልምድ ያለው ተራ አስከባሪ በአውሮፕላን ይመጣል። ተራ አስከባሪውም፣ ምን ያድርግ፣ ዘመድ አለው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለተኛው ዓመት ላይ በወረፋው የተወለደው የበኩር ልጅ 137 ሴንቲ ሜትሩን ሞልቶ፣ የአንድ ሙሉ ትውልድ እግር ቁርጥማት ተሸክሞ ከባቡሩ በር ይደርሳል። ቀና ብሎ ጉብታውን ያያል። «እማዬ፣ ፈራሁ» ይላል። ከዚያ በጎን በኩል ባለችው የፈሪዎች መውጫ ይወጣል።

ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። ትዕግስት ያስተምራል። የጎረቤትህን ጀርባ በደንብ ታጠናለህ።

ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም። የሚሰረቀው ቦርሳ ሳይሆን ሰዓት ስለሆነ ፖሊስ አይጠራም እንጂ፣ አሥራ አራት ሰው የሰው ሰዓት ወስዶ እየሳቀ ሄዷል። በሠርግ ላይ ለአያትህ ወንበር መያዝ ሌላ ነው፤ አያትህ ስለመጣች የሌላ ሰው ወጥ አይጎድልም። እዚህ ግን እያንዳንዱ ወንበር የተቆጠረ ነው፦ አራት አራት ሰው፣ ዘጠኝ ረድፍ። አንተ ስትገባ የሚወጣ ሰው አለ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስና፣ በዚያ ቀን የወጣው ሰው ማን እንደሆነ ላስተዋውቃችሁ። የጆርጂያ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ደመና ሳይሰበስብ አይውልም። አሥራ አራቱ ተሳፈሩ፣ ሁሉም እጁን ሰቅሎ ሄደ፣ ወንበሩ ሞላ። ቀጣዩ ባቡር የኛ ነበር። ልጁ ረድፉን መርጦ ጨርሷል፤ የኔን ምክር ሰምቶ የመጨረሻው ላይ ነው የቆመው። ነጎድጓድ ተሰማ። መብረቅ ባለበት አካባቢ ብረት ጉብታ ላይ ሰው አይሰቀልም፤ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አልሰቅልም። ሠራተኛዋ በድምጽ ማጉያው ለጊዜው መዘጋቱን ተናገረች። አባትየው ሰዓቱን አየ። ማታ ሥራ ይገባል፤ ያቺን አንድ ቀን ነው ያገኘው። ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ የልጁን እጅ ይዞ ደረጃውን ወረዱ። ልጁ አላለቀሰም፤ ባዶውን ሐዲድ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ አየው። ቁጥሩ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነበር የቆመው።

እኔ ከዝናቡ ለመጠለል መውጫው ጋ ካለው ጣሪያ ሥር ገባሁ። አዛውንቱ እዚያ ቆመዋል፤ ጠርሙሱ በእጃቸው፣ ሸሚዛቸው እንደነጣ፣ ፀጉራቸው ነፋስ ያልነካው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልተሳፈሩም እንዴ?»

«እኔ?» አሉ ደንግጠው። «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ እኔን ያዞረኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት በፀሐይ ምን ብለው ቆሙ?»

«ልጆቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ ነዋ።»

ከልባቸው ነው ያሉት። መልስ አጣሁ። ዝናቡ ሲያባራ ስልካቸው ጮኸ። «እሺ፣ እሺ… እናንተ እስክትበሉ እኔ እቆማለሁ… ስሙን ንገሪኝ» እያሉ ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ቦታውን የምታውቀው ትመስላለህ። ባትማን የሚሉት በየት በኩል ነው?»

አሳየኋቸው። በረጅሙ መንገድ።