እስከ ማታ 12 ሰዓት ይላክ

የማኅበረሰብ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የሚወለደው «አዲስም ነባርም ጸሐፍት ተጋብዛችኋል» ከሚል ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ የዚያ ማስታወቂያ ዕዳ ነው። ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ ድንበር ከተሞቹ ጋላባትና መተማ በሚዘልቀው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ደግሞ ዕዳው ይብሳል፤ እዚያ ወሬ ሞልቷል፣ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ግን አይገኝም።

አዲስ ጸሐፊ የሚባለው ብዙ ያየ፣ ጽፎ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ክረምት ላይ ሰሊጥ ሊያርም የተሻገረ ሳሉግ (የወቅት ሠራተኛ)፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ ገዳሪፍ ገበያ ጥግ ይዛ ዝንጅብል የገባበት የሱዳን ቡና የምታፈላ ሐበሻ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። አንድ ስኒ ቡና እስኪያልቅ የሚያወሩት ለአንድ ልብወለድ ይበቃል። «በል ይኸንኑ ጻፈው» ሲባሉ ግን «ውድ አንባብያን ሆይ!» ብለው ይነሡና ስለ አገር ፍቅር ሁለት ገጽ መክረው ይጨርሳሉ። ጉዱ ሁሉ ቡናው ላይ ቀረ ማለት ነው። ነባር ጸሐፊ ደግሞ ተማሪ ሳለ ሚኒ ሚዲያ ላይ ግጥም ያነበበ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዕር ባያነሣም፣ አራት ነጥቡ እንዳይነካበት አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ገደብ ነው። መስከረም ላይ ጥሪ ያወጣ አዘጋጅ ባዶ እጁን ይቀራል። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ ይረግፋል፤ ግጥም አይረግፍም፣ ስለዚህ የሚቆየው ግጥሙ ነው። ብልህ አዘጋጅ ምርቱ ተወቅቶ እስኪሸጥ ታግሦ ጥር ላይ ይጠራል። ያኔም «እስከ ጥር 15 ማታ 12 ሰዓት» ካለ ጣጣ አለበት። መተማ ላይ 12 ሰዓት ጀንበር መጥለቂያ ነው፤ ጋላባት ላይ እኩለ ሌሊት። ሱዳን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች፣ አንድ ድልድይ ተሻግሮ ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ይሆናል። ጽሑፉን ያዘገየ ሁሉ በእነዚያ ሰባት ሰዓታት ሱዳናዊ ነኝ ይላል።

የጸሐፊው አድራሻም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ሱዳን ውስጥ ያለው ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ሰፈር ነበር፤ ኅዳር 2013 ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያንም ሱዳን ኖረው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም በመተማ በኩል ገቡ፣ ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመር ላይ መጠለያ ተሠራ። እንግዲህ «ስደተኛው ገጣሚ» የሚል አርእስት ሲታይ፣ የየትኛው አገር ሰው እንደሆነ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ማየት ግድ ነው።

የሚመጣው ጽሑፍ በአብዛኛው በስልክ የተተየበ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ግን የሰሊጥ መመዘኛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የተጻፈ ይደርሳል። በአንድ ፊቱ የቀንጣሩ (የሱዳኑ ክብደት መለኪያ) ሂሳብ፣ በሌላው ፊቱ የፍቅር ስንኝ አለ። አዘጋጁ ሁለቱንም አንብቦ የሚያወጣውን ይመርጣል፤ ቤት የመታው ሂሳቡ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

ማተሚያ የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም። በምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያ «አእምሮ» ጋዜጣን የጀመረው በየሳምንቱ 24 ቅጂ በእጅ እያስጻፈ ነው። ሱዳንም ለአማርኛ ጽሑፍ ባዳ አይደለችም፤ በ1933 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ በተደረገው ዘመቻ «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ የታተመው ካርቱም ነው። ጦርነት ያላቆመውን ሥራ የቀለም እጥረት ሊያቆመው አይገባም።

የቀረው የክፍያ ነገር ነው። የጸሐፊው ደመወዝ ስሙ ያለበት አንድ ቅጂ ነው። ቅጂውን ጎረቤት «አንብቤ ልመልስ» ብሎ ይወስዳል፣ አይመልስም። ስለዚህ ጸሐፊው የገዛ ጽሑፉን ለማንበብ ሌላ ቅጂ ይገዛል። የመጽሔቱ አስተማማኝ ገቢም ይኸው ነው፤ አዲስም ነባርም ጸሐፍት የሚጋበዙት በከንቱ አይደለም።