የቤት ውስጥ ሙዚቃ ሠሪ፦ መኖሪያው፣ አመጋገቡና አቋሙ

የቤት ውስጥ ሙዚቃ ሠሪ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችና ሰርቪስ ቤቶች በብዛት የሚገኝ፣ ቀን የሚተኛና ሌሊት የሚነቃ ፍጡር ነው። ራሱን «አቀናባሪ» ይላል። ጎረቤት «ያ የሚያስጮኸው ልጅ» ይለዋል። እናቱ ለእድርተኞቿ ስታስረዳ «ኮምፒዩተር ነው የሚሠራው» ትላለች። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ፍጡር ጠባይና አቋም ለመመርመር ይሞክራል፤ ምርመራው የተካሄደው ከበሩ ውጭ ሆኖ ነው፤ በሩ ስለማይከፈት።

ስቱዲዮው መኝታ ቤቱ ነው። አልጋው የደንበኛ መቀመጫ ሲሆን፣ ድምፅ የሚቀረጸው ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ድምፃዊው በአባትየው ካፖርትና በእናትየው የሐበሻ ቀሚስ መካከል ቆሞ፣ ናፍታሊን እየሸተተው ስለ ገጠር ንጹሕ አየር ይዘፍናል። በዚህ መሳቅ አይገባም። የተንጠለጠለ ልብስ የድምፅን ነጸብራቅ በደንብ ይውጣል፤ ጋቢም እንዲሁ።

መሳቅ ካስፈለገ ግድግዳው አለ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ትሪ ተለጥፏል። ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ የሚከለክለው የግድግዳ ክብደትና የክፍተቶች መደፈን ነው፤ የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ክብደት የለውም። ቀጫጭኖቹን ድምፆች ጥቂት ይበትናል፣ ቤዙን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ባለቤቱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም ያለ ትሪ ክፍሉ በፎቶ ስቱዲዮ አይመስልም። አንድ ትሪ 30 እንቁላል ስለሚይዝም አንድ ግድግዳ እስኪሸፈን ቤተሰቡ በሙሉ እንቁላል ፍርፍር ላይ ይሰነብታል። እንቁላል ሲወደድ ሥራው ይቆማል። የድምፅ ምህንድስና ከዶሮ መኖ ዋጋ ጋር እንዲህ የተቆራኘበት ሌላ አገር መኖሩ ያጠራጥራል።

ሥራው በወቅት የተገደበ ነው። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፅ መቅረጽ የማይታሰብ ነው፤ የአዲስ ዓመት ዘፈን ግን ለመስከረም መድረስ አለበት። ስለዚህ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ስለመውጣቷና ስለ አደይ አበባ የሚዘፈነው ሁሉ የሚቀረጸው በነሐሴ፣ በሁለት ዶፍ መካከል በምትገኝ ፋታ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ስለሚቆም የሰርግ ዘፈን ትእዛዝ ይደርቃል፣ የመዝሙር ሥራ ይበረክታል፤ ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሃርድ ዲስክ፣ በተለያየ ፎልደር ይኖራሉ። ያቺው አንዲት የኪቦርድ ድምፅ ለሁለቱም እንደምታገለግል ሁለቱም ወገኖች ባይሰሙ ይመርጣል።

ከጎረቤት ድምፆች መካከል ዶሮና ውሻ በኮምፒዩተር ይቆረጣሉ። «ቁራሌ!» እያለ የሚያልፈው ሰው ሳይታሰብ ገብቶ የቀረበት ቅጂም አለ ይባላል። ሙቀጫ ብቻ አይቆረጥም። ቡና የምትወቅጠው እትዬ ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል ስለምትሄድ፣ የትኛው ከበሮ የትኛው ዘነዘና እንደሆነ ባለሙያውም መለየት ይሳነዋል።

ስለ ጊዜ ያለው አቋም ለብቻው ቢጠና ያስኬዳል። በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚቀዳ ኮምፒዩተር በ512 ናሙና ማቆያ ሲሠራ ድምፁ ወደ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ሙዚቃ ሠሪው ይህን «ሌቴንሲ» ይለዋል፤ ደሙን የሚያፈላው ይህ ነው። «እንዲህ እየዘገየ ከሰው ጋር እንዴት ይሠራል?» ይላል። ይህን የሚለው ለሦስት ሰዓት የቀጠራትን ድምፃዊት በስድስት ሰዓት በር እየከፈተላት ነው።

የተሳተ ኖታ በሚያርመው አውቶቲዩን ላይ ያለው አቋም ሁለት ነው፤ ለሌሎች ይከለክላል፣ ለራሱ ደንበኛ ይፈቅዳል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሲሆን፣ ፈጣሪው አንዲ ሂልዴብራንድ ቀደም ሲል በድምፅ ሞገድ ከርሰ ምድርን እየመረመረ በነዳጅ ፍለጋ ሥራ ላይ የነበረ መሐንዲስ ነው። ነዳጅ ይፈልግ የነበረው ዕውቀት የጠፋ ኖታ ፍለጋ ላይ ዋለ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ያልጠፋውንም ይፈልጋል። የአምባሰል ወይም የአንቺሆዬ ዘፋኝ ድምፁን ሆን ብሎ በሁለት ኖታዎች መካከል ሲያንሸራትት፣ ማሽኑ ቅላጼውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ቅርብ ወዳለው የፒያኖ ቁልፍ ይጎትተዋል። ዘፋኙ ሥራውን ሰምቶ «አሪፍ ነው፤ ማን ነው የዘፈነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ውስጥ ዘፈን ማውጣቱን ግን ፈጽሞ አይቀበልም። «ነፍስ የለውም» ይላል። በዚህ አነጋገሩ ላይ ተቃውሞ ማንሳት ጨዋነት አይደለም፤ ይህን ሲል በዘፈኑ ውስጥ የሚሰሙት ክራር፣ ዋሽንትና ማሲንቆ በሙሉ በኪቦርድ የተነኩ፣ ከሰው ጋር ተገናኝተው የማያውቁ ናሙናዎች ቢሆኑም።

በሥነ ምግባር ረገድ ያለበት ፈተና ከባድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን በቁጥሩ ይጠራል፤ ዘፈኑ ያለ ፈቃዱ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቀን አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ያወርደዋል። አዋጁን የሚያነበው የሚሠራበት ሶፍትዌር «ክራክ» በተደረገበት ላፕቶፕ ላይ ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለው ይህ ፕሮግራም ቤልጂየም ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 «ፍሩቲ ሉፕስ» በሚል ስም የወጣ ነው፤ አንዴ የገዛው ሰው የሚቀጥሉትን እትሞች በነፃ ያገኛል። ያልገዛው ግን አዲስ እትም በወጣ ቁጥር እንደገና ክራክ መፈለግ፣ ቫይረስ መግደል፣ ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግና የጠፋውን ሥራ ማልቀስ አለበት። ከድካሙ አንፃር ሲታይ ስርቆቱ ከግዢው ይከብዳል። ለምን አይገዛም ቢባል፣ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ እንደሌለው ይናገራል። ካርዱን ያገኘ ቀን ማይክሮፎን ይገዛበታል።

ዋጋ ሲቆርጥም ይቸገራል። ደንበኞቹ ጓደኛ፣ የጓደኛ ወንድምና ዘመድ ናቸው። አክስት «ለልጄ ልደት አንድ ነገር ሥራልኝ፤ አንተ እንደሁ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ስትል፣ ለእናቱ ሲል ይሠራል። ክፍያው ድግሱ ላይ መጠራት ነው። ድግሱ ላይ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው ስለተበላሸ አስተካክል ይባላል።

«ሥራ የምትይዘው መቼ ነው?» ለሚለው የቤተሰብ ጥያቄ ዝግጁ መልስ አለው፤ መልሱ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሞግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ፒያኖና ከምት ማሽን ጋር ብቻውን ደራርቦ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያም ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ በደለስ አየር ማረፊያ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እየተለማመደ ኖረ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና የዓለም መድረክ ተከፈተለት። ለአንድ አርቲስት ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። በሙዚቃ ሠሪው አፍ ግን የሃያ ስምንት ዓመት የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል። ኃይሉ ካሴቱን ጨርሶት እንደነበር አይጠቅስም።

ዋናው ግኝት እዚህ ላይ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ባንድ የሚቀረጸው በአንድነት ቆሞ ነበር፤ የተሳተ ነገር ካለ ከሸክላው ጋር ታትሞ ይኖራል፣ ነገሩም ያበቃል። ዛሬ ግን ማንኛውም ነገር ሁልጊዜ ሊከፈት ይችላል። የትናንቱ ከበሮ ዛሬ ይለወጣል፣ የዛሬው ቤዝ ነገ በሁለት ዴሲቤል ይቀነሳል። ሙዚቃ ሠሪው መጨረስ አቅቶት አይደለም፤ ጨርስ የሚለው ነገር አጥቶ ነው።

የሚያስጨርሰው አንድ ኃይል ብቻ ተገኝቷል፤ እሱም የመብራት መጥፋት ነው። ባትሪው 4 ከመቶ ሲደርስ ሙዚቃ ሠሪው ያለውን አውጥቶ በስልኩ ዳታ ለድምፃዊው ይልካል፣ ላፕቶፑም ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ዘፈኑ ሰርግ ቤት እየተጨፈረበት ነው። እሱ ግን ለሳምንት አኩርፎ ይከርማል፤ ቤዙ ሁለት ዴሲቤል በዝቷልና።

እንግዲህ «ልጁ በመብራት መጥፋት ተሰቃየ» ብላችሁ ኢንቨርተር ልትገዙለት ገንዘብ የምታዋጡ ወዳጅ ዘመዶች ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። በገንዘቡ እንቁላል ግዙለት።