የጥንዶች ጉብኝት ዓይነቶች

የፒያሳ ጥንዶች ጉብኝት በሁለት ይከፈላል፦ የውጭና የሶፋ። የውጩ አብዛኛውን ጊዜ ዱባይ ነው፤ ባልና ሚስት 828 ሜትር በሚረዝመው ቡርጅ ካሊፋ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን የአራዳውን ጊዮርጊስ በየዕለቱ ተሳልመው ያልፋሉ፤ የግቢው ሙዚየም ግን ቅርብ ስለሆነ ለከርሞ ይተላለፋል።

የሶፋው ጉብኝት ወቅት አለው። የጥንቱ አራዳ «ሰይጣን ቤት» ያለው ሲኒማ ዛሬ ሳሎን ገብቶ በፋሲካ የክርስቶስን ሕይወት ያሳያል። የዜፊሬሊ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» (1977 እ.ኤ.አ.) በቱኒዚያና በሞሮኮ የተቀረጸ በመሆኑ ጥንዶቹ ኢየሩሳሌምን ያዩ እየመሰላቸው ሰሜን አፍሪካን ያለ ቪዛ ይጎበኛሉ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ ስለሚከብድ ባል ከስቅለቱ በፊት ያንቀላፋል፤ ትንሣኤውን የሚሰማው ከሚስቱ ነው።