ጠቅ አድርገው ይገላገሉ

ለትልልቅ ድርጅቶቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ይገባል። ሶፍትዌር ሥራ ላይ ሳይውል መፈተሽ ከእንግዲህ ኮድ ጸሐፊ አያሻውም፤ ኮድ አልባ መሣሪያ ገዝቶ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። አመራረጡም ወግ አለው። አዲስ አበባ ላይ የቴክኒክ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጨረታ ይወጣል፣ አቅራቢው ማሳያውን ይዞ ይመጣል። ስምና የይለፍ ቃል ሲሞላ መሣሪያው ይቀርጻል፣ ያለ ሰው እጅ ይደግመዋል፣ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፤ ኮሚቴውም ያጨበጭባል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዊንራነር የተባለው መሣሪያ ቀርጾ በመድገም እንደታወቀ፣ ገጹ በተቀየረ ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ቅጂ እየተሰናከለ ባለሙያ እንደሚያስጠራ በዚህ ሰዓት ማንሳት ደስታ ማደፍረስ ነው።

ጭብጨባው ሳይበርድ ግን አንድ ሌሊት እናስታውስ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ፤ ያለአግባብ የተወሰደውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የመፈተሻው ዓይነት እዚህ ላይ ቁም ነገር አይደለም። ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር መነሳት ያለበት ጥያቄ «መቶ ብር ያለው ሰው ሺህ ቢጠይቅ ይሰጠዋል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ደባርቅ ገበያ ገብስ የሚሸጥ ገበሬም ይጠይቀዋል። ጥያቄው ካልገባበት ግን በኮድ የተጻፈውም ኮድ አልባውም ፍተሻ እኩል አረንጓዴ ያበራል።

«ኮድ አልባው መሣሪያ እኮ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ወደ ፍተሻው ያስገባል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ ጠንካራው ነው። እንግዲያው የደባርቅና የዳባት የመስኮት ሠራተኛ የታለ? ብር ሲላክ ኔትወርክ ቢቋረጥ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደርስ ይቀር እንደሆነ፣ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ይገኝ እንደሆነ፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ጳጉሜን 6 ሲስተሙ ያውቃት እንደሆነ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ምን ይደረግ፣ ላይሰንስ በዶላር የፈቀደ መሥሪያ ቤት ከሰሜን ተራራ ግርጌ አንድ ሰው ለማስመጣት የውሎ አበል ይቸግረዋል።

«ሺህ ፍተሻ በእጅ አይደገምም» መባሉም ልክ ነው፤ መድገም የማሽን ሥራ ነው። የሚደገመውን መምረጥ ግን የሰው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹ ከጨረታው ይቅደሙ። አቅራቢዎቹም በራሳቸው ማሳያ ሳይሆን በእነዚሁ ጥያቄዎች ይፈተኑ፦ ኔትወርኩ ይቋረጥ፣ ገጹ ይቀየር፣ የዳባቱ ሠራተኛ የተሰናከለውን ፍተሻ ያለ ባለሙያ እርዳታ ያስተካክል። ይህን ያለፈ መሣሪያ ይገዛ። አይ፣ ይህ ያዘገየናል ከተባለም ኮሚቴው አይሥጋ፤ ኮድ የማይጽፍ፣ ላይሰንስ የማይጠይቅ ፈታሽ ሞልቶናል፤ ደንበኛው። ጉድለቱን በአንድ ሌሊት ያገኘዋል፤ የድካሙንም ዋጋ ራሱ ከገንዘብ ማሽኑ ያወጣል።