ያልሰማ እጁን ያውጣ

ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ነበር። ከ180 አባላት 40 ያህላችን የዕድሩ ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የስብሰባው ጥሪ ያልደረሰው አባል ካለ እጁን ያውጣ» አሉ። ዝም። ግራ ቀኝ አዩ፤ አንድም እጅ የለም። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ አጎንብሶ «ጥሪው ለሁሉም አባላት መድረሱ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ነገሩ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ይህችኑ ዓይነት ማረጋገጫ እየለቀመ አስቸግሮኛል። ፓስፖርት ላሳድስ ሰልፍ ይዤ ሳለ ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ ዞር ብሎ «በዚህ አገር የሚቀር ወጣት የለም፤ ሰው ሁሉ ሊሄድ ነው» አለኝ። መጠራጠሬ ከፊቴ ላይ ተነበበ መሰለኝ፣ «አታምንም? ጠይቃቸው!» አለና ራሱ ይጠይቅልኝ ጀመር። አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ካናዳ፣ አንዷ ቤይሩት። ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እዚሁ እቀራለሁ የሚል ጠፋ። «እኔ እንኳ የትም አልሄድም፤ ጊዜው ስላለፈበት ነው» ስለው «አንተ አትቆጠርም» አለኝ።

የስታትስቲክስ ሰዎች ከብዙው ጥቂቱን ወስዶ ስለ ብዙው መናገርን ናሙና ይሉታል። ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። እናቴ ወጡ ጨው ይብቃው አይብቃው ለማወቅ ድስቱን አትጨርስም። በማማሰያው ከሥር ገልበጥ ገልበጥ ታደርግና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች፤ በቃ። ለአራት ሰው ድስትም ሆነ ለሠርግ ጎላ የምትቀምሰው ያችኑ ጠብታ ነው። ጎላው ትልቅ ነውና በጭልፋ ልጠጣ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ዋናው ማማሰሉ ነው፤ ሳያማስል ከላይ የቀመሰ የሚያገኘው ዘይት ነው። የፓስፖርቱ ሰልፍ እንግዲህ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለ ስመ ጥር መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫውን አሸናፊ አስቀድሜ ልወቅ ብሎ 10 ሚሊዮን የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ በተነ። አድራሻ የለቀመው በተለይ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። ዘመኑ ደግሞ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፤ ስልክና መኪና የማን እንደነበሩ መገመት አያቅትም። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለትና አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ተፎካካሪው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልለው ወሰዱ። ከዚያ እጅግ ያነሰ ሰው የጠየቀው የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋለፕ አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር። መጽሔቱ የመለሱትን ሲቆጥር ዝም ያሉትን 7 ሚሊዮን ምናምን ሰዎች ረሳ፤ ልክ እንደኛ ጸሐፊ። በ1938 ራሱ ተዘጋ።

የሚገርመኝ ግን እኛ ማማሰሉን አሳምረን ማወቃችን ነው። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ አይታችኋል? ወረቀቱ እኩል ይቆረጣል፣ በአንድ ዓይነት ይጠቀለላል። አንዱ ጥቅል ወፈር ያለ ከመሰለ ጭቅጭቅ ይነሳል። ባርኔጣ ውስጥ ተጨምሮ ይበጠበጣል፤ «ኧረ ደህና አድርገህ በጥብጠው!» የሚል ከጥግ አይጠፋም። ከዚያ ዕቁቡን የማያውቅ ሕፃን ከደጅ ተጠርቶ ፊቱን አዙሮ ያወጣል። ዳኛው የቱንም ያህል ቢከበሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀድመው ቢገቡ፣ «ልቤ የመራኝን ላውጣ» ቢሉ የሚሰማቸው የለም። ለእያንዳንዱ እኩል ዕድል፣ የማንም ፈቃድ ያልገባበት እጅ፤ የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ዕጣ ናሙና በስንት ገጽ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ገንዘብ ሲሆን ሕፃን እንጠራለን፤ «ሕዝቡ ምን ይላል?» ሲሆን ግን ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ይበቁናል።

ዕቁብ ያበላሸን አንድ ነገር ቢኖር ሎተሪ ላይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «12 ዓመት ቆርጫለሁ፤ ዘንድሮ ተራዬ ነው» ይላል። ዕቁብ ላይ የደረሰው ስለሚወጣ የቀረው ሰው ዕድል በየዙሩ ይጨምራል፤ መጨረሻ የቀረው ሳይጣልለትም ይወስዳል። ሎተሪ ግን 12 ዓመት የቆረጠውንና ትናንት የጀመረውን ለይቶ አያውቅም።

ጎረቤቴ ደግሞ በራዲዮ የጥናት ውጤት በተነገረ ቁጥር «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ይላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አገሪቱ ውስጥ 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ወጡ። በየቦታው ቤቱ ሁሉ ተመዘገበና ከዝርዝሩ 28፣ 28 ቤት ተመረጠ፤ በመጨረሻ 16,650 ቤተሰቦች መልስ ሰጡ። የተመረጠው ቤት ዝግ ከሆነ የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ መገላገል አይቻልም፤ እዚያው ቤት ደጋግሞ መመለስ ነው። ሁልጊዜ ቤቷ የምትገኝ ሴትና ጎሕ ሲቀድ ገበያ የምትወጣ ሴት አንድ ኑሮ አይኖሩማ! ሰው ከሚኖርባቸው ከ100 ቤቶች 98ቱ የመለሱት በዚህ ዓይነት ምልልስ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ቢሆንም እኔን አልጠየቁኝም» አለ።

እሑድ ስብሰባ ላይም አልነበረም። ጥሪው አልደረሰኝም ይላል። ዕድሩ ግን ጥሪው ለሁሉም መድረሱ ስለተረጋገጠ ያልመጡትን 140 አባላት በነፍስ ወከፍ 50 ብር ቀጥቷል። የቅጣቱ ማስታወቂያ የተለጠፈው የዕድሩ ቤት ውስጥ ነው።