የእጅ አንጓ ሳይንስ፦ የርካሽ ስማርት ባንድ አመራረጥን የሚመለከት መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች አንድ እንግዳ ጠባይ መታየት ጀምሯል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ ልጅ አሳድጎ የዳረ የተከበረ ሰው የሳሎኑን ጠረጴዛ ይዞራል። የጠፋበት ዕቃ የለም፤ ሱባኤም አልገባም። እጁ ላይ ያሰረው ስማርት ባንድ 9,412 ብሎታል፤ አሥር ሺህ እርምጃ ለመሙላት 588 ይቀረዋል። ሳይሞላ እንዳይተኛ ደግሞ እንቅልፉን የሚመዘግበው ያው ባንድ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ ሰውየውን ከመዞር ማስቆም ሳይሆን፣ መዞሩ ካልቀረ በምን ዓይነት ባንድ ቢዞር እንደሚያዋጣው መርምሮ ማቅረብ ነው።

በቅድሚያ ስለ አሥር ሺህ። ቁጥሩ ከሐኪም ቤት የወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የወጣው ግን ከሰዓት ሠሪ ነው። ያማሳ የተባለው የጃፓን ሰዓት አምራች እ.ኤ.አ. በ1965 ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ ሲያቀርብ በቀን 10,000 እርምጃን ግብ አድርጎ ሸጠው። ጊዜው ጃፓኖች ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት የአካል እንቅስቃሴ ወሬ የያዛቸው ጊዜ ነበር። በዚያ ኦሊምፒክ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ማራቶኑን ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት ያልሞላው አበበ ቢቂላ ነው። የንግድ ሚዛኑ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ ሩጫውን እኛ ላክን፤ ቁጥሩ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ መጣልን።

እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ16,000 በላይ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጥቅሙ 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቁሟል። ይህ ግኝት ጠረጴዛ የሚዞረውን ሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አልጋው ላይ ሊያስተኛው ይገባ ነበር። ባንዱ ግን «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው አሥር ሺህ ሲሞላ ስለሆነ፣ ሳይንሱና ሰውየው እስካሁን አልተገናኙም።

የገበያው አመዳደብ

ከመርካቶ እስከ መገናኛ ባሉ ሱቆች ያለው ዕቃ በሦስት ይመደባል። አንደኛው ኦሪጅናል ነው። ሁለተኛው ኮፒ ነው፤ ይህ ስም ከሻጭ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሦስተኛው ዘመድ ከዱባይ ያመጣው ሲሆን፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነውር ስለሆነ እስከ ዛሬ ምርምር አልተካሄደበትም።

ርካሽ ባንድ የሚባለው ነገር ራሱ የቅርብ ጊዜ ልጅ ነው። የቻይናው ሻዎሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ሚ ባንድ ሲያወጣ ዋጋው 79 ዩዋን፣ ማለትም በጊዜው 13 ዶላር ገደማ ነበር። ስክሪን አልነበረውም፤ ሦስት ትናንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩት። ዋና ሥራውም እርምጃና እንቅልፍ መቁጠር ነበር። ዛሬ ገበያውን የሚገዛው ሕግ ሌላ ነው፦ ዋጋ በቀነሰ ቁጥር የሚመረመረው በሽታ ይበዛል። ስም ያለው ባንድ የልብ ምትና የደም ኦክስጅን ብሎ ያቆማል። ከጎኑ የተሰቀለው ስም የለሽ፣ በግማሽ ዋጋ፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ይጨምራል። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሙሉ ላብራቶሪ ነው» ይላል ሻጩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ ገልጾ፣ የተሳሳተ ቁጥር አይቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሊሞት እንደሚችል አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው መርካቶ አልደረሰም።

የጥናቱ ዘዴ

መሣሪያው በሁለት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው ከጀርባው የሚበራው አረንጓዴ መብራት ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከፍና ዝቅ ይላል፤ ባንዱ ይህን ቆጥሮ የልብ ምት ይለዋል። ሁለተኛው እንቅስቃሴን በሦስት አቅጣጫ የሚያዳምጥ ሴንሰር ነው። ሰው ሲራመድ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚረግጥ፣ በዚያ ምት የሚወዛወዝ እጅ ሁሉ እየተራመደ ነው ተብሎ ይታመናል።

የመብራቱን ታማኝነት ለመፈተሽ በዓለም የታወቀው ዘዴ ሶፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቻይናውያን ተጠቃሚዎች ባንዱን በሶፍት ጥቅል ላይ አስረው የልብ ምት አንብበዋል። ብርሃን የሚመልስ ነገር ሁሉ ለሴንሰሩ ቆዳ ነው፤ ከተመለሰለት ብርሃን ውስጥ ምት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሥራው ነው። ሆኖም ይህ ፈተና ኦሪጅናሉን ከኮፒው አይለይም፤ በታላላቅ ስሞችም ላይ ሶፍቱ በሕይወት ተገኝቷል። የደም ኦክስጅንን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የሆስፒታል መለኪያዎች እንኳ የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን መውረድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በተጠጋ ድግግሞሽ እንደሚስቱ አሳይቷል። ከሆስፒታሉ ዕቃ በብዙ የሚረክስ ባንድ ለአበሻ ቆዳ የተለየ ጥንቃቄ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ግኝቶች

የመጀመሪያው ግኝት እጅን ይመለከታል። ቡና በሙቀጫ የምትወቅጥ ሴት ከምድጃው ሳትርቅ መንገድ ትጓዛለች። ከሚኒባስ መስኮት ወጥቶ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ በሩን የሚደበድብ ረዳትም እንዲሁ። በአንጻሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታቸው በእግራቸው የሚሄዱ አዛውንት በባንዱ መዝገብ ከቤት አልወጡም።

የእንጦጦ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ባለ ባንድ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ተራራው ላይ ወጥቶ እጁን እያወዛወዘ ይራመዳል። በዚያው ተራራ የማገዶ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። እጃቸው የሸክሙን ገመድ ስለያዘ አይወዛወዝም። ባንድ ቢያስሩ አብዛኛው መንገዳቸው ሊያመልጠው፣ አልፎም «ብዙ ተቀመጥሽ፤ ተነሺ» ብሎ ሊነዝራቸው ይችላል። ባለ መኪናው በዚያው ሰዓት ግቡን ሞልቶ ርችት ይተኮስለታል። ከዚህ በመነሣት ጥናቱ ዋና ድምዳሜውን ያስቀምጣል፦ መሣሪያው የሚለካው የሥራ ብዛትን ሳይሆን የእጅን ነጻነት ነው።

ሁለተኛው ግኝት መቆምን ይመለከታል። ሙሉ ቅዳሴ በእግሩ የቆመ ምእመን በባንዱ ዘንድ ተቀምጦ እንዳረፈደ ይቆጠራል፤ በጸጥታው መካከልም ንዝረቱ ለሦስት ረድፍ ይሰማል። ስግደት በማንኛውም የስፖርት ዝርዝር ውስጥ አልተገኘም። ዮጋ ግን አለ።

ሦስተኛው ግኝት ዕድሜን ይመለከታል። ባንዱ የልብ ምት ጣሪያን የሚያሰላው በአብዛኛው ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ነው። በመሆኑም ሲጀመር ዕድሜ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የአገራችን ተጠቃሚ የትኛውን እንደሚሞላ ግራ ይጋባል፤ በማኅደሩ 53፣ በእናቱ አቆጣጠር 60 የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያው ስሌት 167፣ በሁለተኛው 160 ይፈቀድለታል። ባንዱ ከጡረታ መምሪያ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ቢነገራቸውም፣ የጥንቃቄ ሰዎች 53 ማለትን ይመርጣሉ። ልባቸው ግን ማኅደር አያነብም።

አራተኛው ግኝት ጊዜን ይመለከታል። ባንዱ ቀኑን የሚዘጋው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ሠርግ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እስክስታ የወረደ ሰው አብዛኛው ድካሙ ለማግስቱ ስለሚመዘገብለት፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ውሎ ንቁ ዜጋ ይባላል። በተጨማሪም ርካሹ ባንድ 12 ወር ብቻ ያውቃል። አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የአገሪቱ ዝነኛ 42 ኪሎ ሜትር መሣሪያው በማያውቀው ወር ውስጥ ይገኛል።

አምስተኛው ግኝት እንቅልፍ ነው። ባንዱ እንቅልፍን የሚያውቀው እጅ ሲረጋና የልብ ምት ዝቅ ሲል ነው። የግማሽ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ሁለቱንም ያሟላል። በዚህ ነጥብ ላይ መሣሪያው ተሳስቷል ለማለት ጥናቱ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

የንጽጽር ቡድን

ለንጽጽር የተመረጠው ከባንዱ በፊት በሥራ ላይ የነበረው የጤና መከታተያ፣ ማለትም ጎረቤት ነው። ጎረቤት ቻርጅ አትፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ትሠራለች። ንባቧን በአጭሩ ታሳውቃለች፦ «ምነው ከሳህ?»፣ «ወፈርሽ ልበል?»፣ «ጠቆርክሳ፤ አሞህ ነበር?»። ባንዱ የማያነበውን የብድርና የቤት ኪራይ ጫና ጨምራ ታነባለች። ጉድለቷ መረጃው በባለቤቱ ስልክ ላይ ብቻ አለመቀመጡ ነው፤ በሳምንቱ ዕድር ላይ ይደርሳል። በምስጢር አጠባበቅ ባንዱ ይበልጣል ለማለት ግን ያስቸግራል። ስሙ የማይታወቅ መተግበሪያ የሰውየውን ክብደት፣ ቁመትና መዋያ ሰብስቦ የት እንደሚወስደው አይታወቅም፤ ጎረቤት ቢያንስ ቤቷ ይታወቃል።

የመፍትሔ ሐሳቦች

አንደኛ፣ የደም ግፊትና የስኳር ንባብ ያለው ርካሽ ባንድ ሲቀርብ ገዢው ዋጋ ሳይጠይቅ ይለፍ፤ ግፊትን በክንድ ማሰሪያው፣ ስኳርን በጣት ጠብታ ይለካ።

ሁለተኛ፣ ኦሪጅናልነትን የሚመሰክረው ካርቶኑ ሳይሆን መተግበሪያው ነው። ባንዱ ከአምራቹ የራሱ መተግበሪያ ጋር እዚያው ሱቅ ውስጥ ይጣመር፤ እንቢ ብሎ ሌላ ስሙ ያልተሰማ መተግበሪያ እንዲወርድለት ከጠየቀ፣ ማንነቱን በራሱ አንደበት ተናግሯል።

ሦስተኛ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በየቀኑ ቻርጅ ከሚፈልግ ትልቅ ሰዓት ይልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚቆይ ቀጭን ባንድ ይመረጥ። ማሰሪያው ሲበጠስ የሚተካ መሆኑም ይታይ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው።

አራተኛ፣ ዕለታዊው ግብ ወደ 7,500 ዝቅ ይደረግ፤ ማስተካከያው መተግበሪያው ውስጥ አለ። ቁጥሩም ከጎረቤት ቁጥር ጋር ሳይሆን ከራስ የባለፈው ሳምንት ቁጥር ጋር ይወዳደር፤ የሚሳሳት መሣሪያ እንኳ በየቀኑ እኩል ከተሳሳተ ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ገዢው ባንዱን አስሮ በገበያ ማዕከሉ ኮሪደር 100 እርምጃ በአፉ እየቆጠረ ይራመድ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ይድገመው። በመጀመሪያው ዙር ልዩነቱ ከአምስት ካልበለጠ ይግዛ። ሻጩ «ባንዱ ልክ ነው፤ ወንድሜ፣ አንተ ነህ የዘለልከው» ካለ፣ ክርክሩ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።